ዋጋ በኢንቦክስ

ሠርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው “ሥራህ ምንድን ነው?” ሲለኝ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። “ዌብሳይት እሠራለሁ” ከማለቴ እጁ ኪሱ ገብቷል። በክትፎ የራሰ ጣቱን በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርጎ ስልኩን ይዘረጋልኛል። “እስቲ ይቺን እያት ወንድሜ፤ ሰሞኑን ምን እንደነካት እንጃ፣ ትንቀራፈፋለች።” ዌብሳይት መሥራትና ስልክ መጠገን ሁለት ሙያ መሆኑን ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። ሙሽሮቹ ኬክ ይቆርሳሉ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ የማላውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ፋይል አጠፋለሁ።

የመንቀራፈፉ ምክንያት ሁሌም ያው ነው፤ ስልኩ ሞልቷል። የሞላው ደግሞ በ“እንኳን አደረሳችሁ” ነው። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፤ ዓርብ በመጣ ቁጥር ደግሞ ጁምዓ ሙባረክ አለ። ለእያንዳንዱ በአበባና በሻማ ያሸበረቀ ሥዕል ይላካል። ያንኑ ሥዕል የዕድሩ ግሩፕ፣ የቤተሰቡ ግሩፕ፣ የድሮ የክፍል ጓደኞች ግሩፕና የኮንዶሚኒየሙ ግሩፕ ተቀባብለው ያመጡታል፤ ስልኩም ማንም ሳያዘው እያወረደ ይከምረዋል። አንድ ጊዜ የአንዲት እናት ስልክ ላይ አንዱ የገብርኤል ሥዕል ተደጋግሞ ተደጋግሞ አገኘሁትና “እማማ፣ ይኼን ላጥፋው?” አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። “ገብርኤልን?” አሉ። ተውኩት። ስልካቸው እስከ ዛሬ ይንቀራፈፋል። (ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቴሌግራሙ በራሱ እንዳያወርድ ማድረግ ይቻላል። ያኔ ግን ገብርኤል ጭጋግ ለብሶ ነው የሚመጣው፤ እሱም ሌላ ስሞታ ነው።)

ቀጥሎ የሚመጣው “ፌስቡኬ ጠፋብኝ” ነው። ፌስቡክ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የይለፍ ቃሉ ነው። አጎቴ የይለፍ ቃል በረሳ ቁጥር አዲስ አካውንት ይከፍታል፤ ሁሉም ላይ ያቺው ከረባት ያሰረባት ፎቶ። “አዲሱ ይኼ ነው፤ የድሮውን ተወው” ብሎ የጓደኝነት ጥያቄ ይልካል። እኔ ብተወው ፌስቡክ አይተወኝም፤ ዓመቱን ሙሉ ቀን እየለያየ “ዛሬ የአጎትህ ልደት ነው” እያለ ያስታውሰኛል። ቅጹ የተወለደበትን ቀን ሲጠይቀው በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ ግራ ስለሚገባው፣ ጣቱ ያረፈበትን ነክቶ ያልፋል። እንዲያውም በአንደኛው አካውንት ሒሳብ እኔ ነኝ የምበልጠው።

በአጎቴ አልፈርድም። ቅጾቹ ሲሠሩ ያሰበን የለም። “የቤተሰብ ስም” ይላሉ። እኔና ወንድሜ እዚያች ሳጥን ውስጥ የአባታችንን ስም እንጽፋለን፤ አባታችን ደግሞ የአያታችንን። በቅጹ አስተያየት እኔና ወንድሜ ቤተሰብ ነን፤ አባታችን ባዕድ ነው። ባለቤቴማ ጭራሽ የመንገድ ሰው ናት። “ፖስታ ኮድ” ይላሉ፤ ሳይሞላ አላሳልፍም የሚል ቀይ ኮከብ ይደቅኑበታል፤ ቤቱ “ከማደያው ገባ ብሎ ቢጫው በር” የሆነ ሰው ኮድ ከየት ያምጣ? ቀጠሮ መያዣ ላይ 2፡00 ሰዓት የሚል ተጽፎ ያየ ሰውም አራት ምርጫ አለው፤ የእኛ ጠዋት፣ የእኛ ማታ፣ የፈረንጅ ከሰዓት በኋላ፣ የፈረንጅ ሌሊት። ጳጉሜንም በዚያ የ12 ወር ዝርዝር ውስጥ ቦታ የላትም። የሚያናድደው መሣሪያው እያለ መሆኑ ነው። አሳሾቹ ውስጥ ያለው ጃቫስክሪፕት የእኛን አቆጣጠር አሳምሮ ያውቃል፤ ከጠየቁት ከነጳጉሜኗ ቆጥሮ ይሰጣል። የጠፋው ጠያቂ ነው። እኛ ባለሙያ ነን ባዮቹ ከውጭ ቴምፕሌት አውርደን፣ አርማ ቀይረን፣ ማስረከብ ይቀናናል።

ስለዚህ ሰዉ ቅጹን አይሞላም። ይደውላል። የዚህ አገር ሰው የትኛውንም ቴክኖሎጂ ቢሰጡት መጀመሪያ የሚፈልገው ከወዲያኛው ጫፍ “አቤት” የሚል ሰው ነው። ማሽን አነጋግር ሲሉት ማሽኑን ያልፍና ከኋላው ያለውን ሰው ይፈልጋል።

ይኼ ጠባይ የትናንት አይደለም። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ሞባይል ከዚያ ተከትሎ መጣ። ከምርጫ 97 በኋላ ደግሞ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 መባቻ ድረስ ቆየ። ሌላው ዓለም በፈረንጆቹ 2004 የተመሠረተውን ፌስቡክ ሲለማመድ፣ እኛ በእጃችን በያዝነው ስልክ “ሰላም ነሽ?” ብለን መጻፍ አንችልም ነበር። ታዲያ ዝም አልን? ሚስኮል ነበረና! አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ “ደርሻለሁ፣ ውጪ” ነው። ሁለቴ ከሆነ “ካርድ የለኝም፣ ደውልልኝ”። ሌሊት ላይ ከሆነ ደግሞ “አስቤሻለሁ”። ተሳስቶ አንሥቶ የሰው ካርድ ያስቆጠረ ሰው ወዳጅነቱ ይጠረጠር ነበር። ስንቱ ትዳር አንዲት ሳንቲም ሳይወጣበት በጥሪ ድምፅ ብቻ ተጠነሰሰ! ቴሌም በኋላ ነገሩ ገብቶት በ*807* “ደውሉልኝ” ማለትን ሕጋዊ አደረገው። ማኅበራዊ ሚዲያ የሚባለው ነገር እዚህ አገር የተጀመረው በፌስቡክ ሳይሆን በሚስኮል ነው ብዬ አምናለሁ። ቀሪው ተጨማሪ ዕቃ ነው።

ጎረቤታችን አንዲት እማማ አሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ከእኔ ይልቅ እሳቸው አፕ ለይተው ያውቃሉ። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። ዱባይ ያለችው በኢሞ ትደውላለች፣ ዋሽንግተን ያለው በቫይበር፣ ጀርመን ያለችው በዋትሳፕ፣ የመጨረሻው ልጅ ሐዋሳ ሆኖ በቴሌግራም። እማማ ታዲያ የአፖቹን ስም አይጠሩም። አረንጓዴው ጀርመን ነው። ሐምራዊው አሜሪካ ነው። የንግግር አረፋ የመሰለው ዱባይ ነው። የወረቀት አውሮፕላን የተሳለበት ደግሞ፣ ከአራቱ አውሮፕላን የማያስፈልገው ሐዋሳ። “ልጄ፣ አሜሪካን ክፈትልኝ” ይሉኛል፤ እከፍትላቸዋለሁ። ስልኩን ፊታቸው ላይ ስለሚያስጠጉት ልጁ ዋሽንግተን ሆኖ የሚያየው የእናቱን ግንባርና የነጠላቸውን ጥለት ብቻ ነው፤ ቅር ብሎት ግን አያውቅም። አንድ ቀን “እማማ፣ ሁሉም በአንዱ አፕ ቢደውሉ አይቀልም?” አልኳቸው። “ልጆቼን አታቀላቅልብኝ” አሉኝ።

በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ የተዘጉ ጊዜ የእሳቸው ነገር ግራ የሚያጋባ ሆነ። ጀርመን ይሠራል፣ አሜሪካ ይሠራል፣ ሐዋሳ ተቋረጠ። መዘጋቱ አምስት ወር ያህል ስለቆየ ቪፒኤን መጫን እንደ ሽንኩርት መክተፍ የየቤቱ ሙያ ሆኖ ነበር። ለእማማም ጫንኩላቸው። ቪፒኤኑ ሲበራ ስልኩ አናት ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ትወጣለች፤ ወዲያው ያዟት። “ቁልፏ የለችም፣ ክፈትልኝ” ይላሉ በነጋ በጠባ። ያ ነጻ ቪፒኤን የሚያልፈው በኔዘርላንድስ ነበር። የሐዋሳው ልጅ “እማዬ፣ ደህና ነሽ?” ሲል ድምፁ አውሮፓ ደርሶ ተመልሶ ከእኛ አጥር ማዶ ይወድቃል። ይኼን ስነግራቸው “ታዲያ በዚያው ብርድ እንዳይመታው” አሉ።

ስለ ቲክቶክ ብዙ አልልም፤ ሌሊት ሌሊት ላይቭ ገብቶ “ስክሪኑን ታፕ ታፕ አድርጉልኝ” እያለ የሚማጸነውን ሁሉም ያውቀዋል። አንበሳ የሚባለው ስጦታ 29,999 ኮይን ነው፤ ሲላክ ስክሪኑ ላይ አግስቶ ይሄዳል። የውጪዎቹ ተንታኞች ሰው ለማያውቀው ሰው ለምን ገንዘብ ይልካል እያሉ ይደነቃሉ። አዝማሪ ግንባር ላይ ብር ሲለጥፍ ያደገ ሕዝብ ለዚህ ሥልጠና አላስፈለገውም።

ወደ እንጀራዬ ልመለስ። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የሚሸጡ ደንበኛ አሉኝ። “ልጄ፣ እንደ ውጪዎቹ ያለ ዘመናዊ ዌብሳይት ሥራልኝ፤ ገንዘቡን አትስጋ” አሉኝ። ሠራሁ። የእያንዳንዱ ቀሚስ ፎቶ በትልቁ፣ ከሥሩ ዋጋው፣ ጎኑ ቅርጫት፣ ታች “አሁን ይግዙ” የሚል ቁልፍ። ሱቃቸው ሄጄ፣ ከተንጠለጠለው ቀሚስ መሐል ለእኔ የሚሆን በርጩማ ፈልገውልኝ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩት።

“ቆንጆ ነው። እጅህ ይባረክ። ይኼን ብቻ አውጣልኝ።”

“የቱን እትዬ?”

“ዋጋውን።”

“ዋጋ የሌለው ሱቅ እንዴት ይሆናል?”

“ዋጋውን ካየች ለምን ትደውላለች?”

“እንዳትደውል እኮ ነው እትዬ። ጊዜ ይቆጥብልዎታል።”

“ካልደወለች በምን አፌ እሸጥላታለሁ?”

ይኼን ጥያቄ የትኛውም የዌብ ዲዛይን መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም። እሳቸው ግን ዘርዝረው አስረዱኝ። ዋጋው የሚታወቀው ሴትየዋ ስትታወቅ ነው። ለሠርግ ነው ለመስቀል? ለራሷ ነው ለሚዜዎቿም? ፈተል ነው መነን? ጥለቱ የእጅ ነው የማሽን? የምትደውለው ከአዋሬ ነው ከሜሪላንድ? ደግሞስ ዋጋውን ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ማን ነው ቀድሞ የሚያየው? ጎረቤት ያለው ነጋዴ። ነገ ጠዋት በመቶ ብር ቀንሶ ይጠብቃቸዋል።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ያለው ንግዳችን በሙሉ በዚህ ፍልስፍና የቆመ ነው። ጫማ ይለጠፋል፣ ሶፋ ይለጠፋል፣ ኮንዶሚኒየም ይለጠፋል፤ ከሥሩ “ዋጋ በኢንቦክስ”። ከዚያ መዓት ሰው ተሰልፎ “ዋጋ?” ይላል። አንዱ “ዋጋ በአማርኛ ጠይቀን የለም ወይ?” ብሎ ይቆጣል። ሻጩ ለሁሉም “ኢንቦክስ አድርገናል ውዴ” እያለ ይመልሳል። ለውጪ ሰው ሥርዓት አልባ ይመስለዋል። አሠራሩን ለሚያውቅ ግን ረቂቅ ነው፤ ፌስቡክ አስተያየት የበዛበትን ልጥፍ ለብዙ ሰው ያሳያል። እያንዳንዷ “ዋጋ?” ለሻጩ ነጻ ማስታወቂያ ናት። ዋጋውን ቢጽፈው ኖሮ ሰዉ አንብቦ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ይኼን ማንም የማርኬቲንግ አሠልጣኝ አላስተማረውም፤ መርካቶ ነው ያስተማረው።

ዋጋው ወጣ። ዋጋ ሲወጣ ቅርጫቱ ምን ይሠራል? እሱም ወጣ። “አሁን ይግዙ” የሚለው “ይደውሉ” ሆነ። የአድራሻ ቅጹን “ሰፈርዎ የት ነው?” በሚል አንድ መስመር ቀየርኩት፤ ለሱም የሚሰጠው መልስ “ስትመጡ ደውሉ” ነው። ዕቃ አድራሹ በሞተር ሄዶ “ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደርሻለሁ” ይላል። “ወደ ታች ውረድ።” “ወረድኩ።” “ፋርማሲ ይታይሃል?” “ሁለት ነው የሚታየኝ።” “የተዘጋው።” “እሺ።” “አሁን አየሁህ! እጄን እያውለበለብኩ ነው።” ቦታ የሚጠቁም ሳተላይት ሰማይ ላይ ይዞራል፤ ሴትየዋ ግን በረንዳ ላይ ወጥታ እጇን ታውለበልባለች። እውነት ለመናገር በረንዳዋ ይበልጣል፤ ሳተላይቱ ፎቁን እንጂ በሩን አያውቅም።

ክፍያው ላይ ተስፋ አድርጌ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ሰዉ በስልክ መክፈል ለምዷል፤ ሊስትሮው ሳይቀር ቁጥሩን ሳጥኑ ላይ ጽፏል። እናም ከከፈሉ በኋላ የሚመጣ አንድ ገጽ አሳምሬ ሠራሁ፤ አረንጓዴ ምልክት፣ ከሥሩ “ክፍያዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን”። ደንበኛዋ ትከፍላለች። አረንጓዴው ምልክት ይመጣል። እሷ ያንን ገጽ ስክሪንሾት ታነሣና በቴሌግራም ትልከዋለች። ከዚያ ትደውላለች። “እትዬ፣ ልኬዋለሁ፣ አዩት?” “ቆይ መነጽሬን ላድርግ... አዎ ገብቷል።” “ገባ አይደል?” “ገባ፣ እግዜር ይስጥልኝ።” ግብይቱ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። በንግድ ባንክ የላከች ከሆነ ደግሞ ከኤፍቲ ጀምራ ቁጥሩን አንድ በአንድ ታነብላቸዋለች፤ እሳቸውም ቁጥሩን ሳይጽፉ “እሺ፣ እሺ” ይላሉ። ማሽን “ደርሶኛል” ቢል የሚያምነው የለም። ማሽን ደርሶት ምን ያደርግለታል?

እንዲህ እንዲህ እያለ ድረ ገጹ ሳሎን ሆነ። ሶፋው በዳንቴል ተሸፍኗል፣ ቡፌው ውስጥ የማይጠጣበት ብርጭቆ ተደርድሯል፤ እንግዳ ሲመጣ “ዌብሳይት አለን” ይባልበታል። ኑሮው ጓዳ ነው፤ ጓዳው ቴሌግራም።

አንድ ነገር ግን ለሙያዬ ክብር ስል አስቀረሁ፤ መፈለጊያ ሳጥኑን። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። “ሀበሻ ቀሚስ” ብሎ የሚጽፍ አለ፣ “ሐበሻ” የሚል አለ፣ “ኀበሻ” የሚል የቤተ ክህነት ሰው አይጠፋም፤ ሃ፣ ሓ፣ ኃም አሉ። ቀሚሱን በንጉሡ ሠ “ቀሚሥ” የሚጽፍ ከተጨመረ አንዱ ልብስ በ12 ዓይነት ይጻፋል። ለኮምፒውተር 12ቱም የተለያየ ዕቃ ናቸው። የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው፤ ድምፃቸው አንድ መሆኑን ማሽኑ አያውቅም። ስለዚህ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ እየመለሰ የሚፈልግ ነገር ጻፍኩ፤ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። ከወር በኋላ ሰዎች ምን እየፈለጉ እንደሆነ ለማየት መዝገቡን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ፍለጋ እንዲህ ይላል፤ “ሰላም ናችሁ? እንዴት አደራችሁ? ለእህቴ መልስ የሚሆን ፈልጌ ነበር፣ ቁመቷ አጠር ያለ ነው።” ሁለተኛው “ሃሎ”። ሦስተኛው “ሰው የለም?”

ባለፈው ሰሞን እትዬ ደወሉልኝ። “ልጄ፣ ኢንቦክሱ በዛብኝ። ለሁሉም ስመልስ ሱቅ የገባው ሰው ቆሞ ይሄዳል። በራሱ የሚመልስ ሮቦት አለ ይባላል፣ እውነት ነው?” እውነት ነው አልኳቸው። የቴሌግራም ቦት ሠራሁላቸው። የቀሚሱን ፎቶ ያሳያል፣ “ዋጋ?” ሲሉት ዋጋ ይናገራል፤ ኢንቦክስ ስለሆነ ለዚህ እሳቸውም ተስማምተዋል። በሳምንቱ ሱቃቸው ተቀምጠን የተጻጻፉትን ከፍተን አነበብን። ደንበኞቹ ከቦቱ ጋር ክርክር ገጥመዋል። “መጨረሻው ስንት ነው?” ትላለች አንዷ። ቦቱ ዋጋውን ይነግራታል። “ቀንሺ እንጂ የኔ እመቤት።” ዋጋውን ይነግራታል። “ሁለት ብወስድስ?” ዋጋውን ይነግራታል። “ምነው እህቴ፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?” ብላ ጽፋ ወጥታለች።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። “ይኼ ልጅ ንግድ አይችልም” አሉ።

“እንዴት እናድርገው?”

“መጀመሪያ ቀንስ ሲሉት ‘ኧረ አያዋጣንም’ ይበል።”

ጻፍኩ።

“ሁለተኛ ሲሉት ‘ክር ተወዶ እኮ ነው’ ይበል። ‘የኔ እህት’ም ጨምርበት።”

ጨመርኩበት። “ሦስተኛ ሲጠይቁትስ?”

“ሦስቴ ከጠየቀችማ ልትገዛ ነው” አሉ፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። “ስልኬን ስጣት።”